ቤትን ጭኖ መጓዝ፤ የድንኳን ታሪክ በየጁና በሐብሩ ጎዳና

በመኪና ጣራ ላይ የታጠፈ ድንኳን ጭኖ፥ ሚስቱንና ልጆቹን አሳፍሮ፥ ሲመሽ መሰላሉን ዘርግቶ ከመሬት በላይ የሚያድር መንገደኛ በአገራችን ጎዳናዎች ላይ መታየት የጀመረው በቅርብ ዘመን ነው። አብዛኞቹ አፍሪካን ከሰሜን እስከ ደቡብ የሚያቋርጡ የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ፥ ወደ ላሊበላ ሲወጡና ሲወርዱ በወልድያ በኩል ያለፉ ብዙዎች ናቸው። ልጆቻቸውን አገር ለማሳየት ሲሉ ይህንኑ ልማድ የያዙ የከተማ ቤተ ሰቦችም አሉ። ነገሩ ለዐይን አዲስ ቢመስልም፥ ቤትን ጭኖ ከነልጅና ከነምጣድ መጓዝ በዚህ ጎዳና ላይ አሁን ካሉት ከተሞች ሁሉ የቀደመ ልማድ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው፥ በየጁ ምድር ድንኳን ተክሎ ያደረ መንገደኛ ሁሉ የበላውን እንጀራ ከማን እጅ ይበላ እንደ ነበረ ነው።

ስለምንናገርበት አገር አስቀድመን ጥቂት እንበል። ወልድያ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከደሴ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች፤ ቀድሞ የየጁ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ከደሴ በሐይቅና በውጫሌ በኩል የመጣው ጎዳና ውርጌሳን አልፎ መርሳ ይደርሳል። መርሳ የሐብሩ ወረዳ ከተማ ስትሆን፥ ጎዳናው ከዚያ በስሪንቃ አድርጎ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ወልድያ ይገባል። በስተ ምዕራብ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በስተ ምሥራቅ ቆላው ወደ አፋር ምድር ይወርዳል። መንገዱ በሁለቱ መካከል ስለሚያልፍ ከሸዋ ወደ ትግራይ የሚዘምት ንጉሥም፥ ጨው ጭኖ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴም፥ ከደጋ እህሉን ይዞ ወደ ማክሰኞ ገበያ የሚወርድ ገበሬም እዚህ ላይ መገናኘታቸው የግድ ነበር። የተገናኙበትም ሁኔታ ሁልጊዜ በፍቅር አልነበረም።

የምንናገርበት ቋንቋ እንኳ በድንኳን ሥር ያደገ ነው። ከተማ የምንለው ቃል በቀድሞ ዘመን የንጉሥ ወይም የመኰንን ጦር የሰፈረበትን ቦታ ያመለክት ነበር፤ ሰፈርም እንዲሁ መስፈር ከሚለው የወጣ ነው። በአዲስ አበባ ደጃች ውቤ ሰፈር ስንል፥ መኰንኑ አጃቢዎቻቸውን ይዘው የሰፈሩበትን ቦታ መጥራታችን ነው። የማዕረጎቻችንም ስም ቢመረመር የድንኳን አተካከል ሥርዓት ሆኖ ይገኛል። ደጃዝማች የደጅ አዝማች፥ ቀኛዝማች የቀኝ፥ ግራዝማች የግራ አዝማች ማለት ሲሆን፥ ፊታውራሪም ከሁሉ ፊት ቀድሞ ይሄዳል። ንጉሡ በመካከል ሲተክሉ ሌላው ሁሉ ስፍራው የታወቀ ስለ ነበረ፥ ሠራዊቱ መሽቶበት ቢገባ እንኳ ባለ በቅሎው ድንኳኑን ወዴት እንደሚያወርድ አይጠፋውም ነበር። ዛሬ በመሥሪያ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ጉዳዩ እስኪታይለት የሚጠብቅ ባለጉዳይ «ደጅ ጠናሁ» ሲል፥ ሳያውቀው የሚናገረው ስለዚያ የጨርቅ ደጅ ነው። ደጁ የእንጨትና የመስተዋት ሆነ እንጂ ጥናቱ እምብዛም አልተለወጠም።

ይህን ተንቀሳቃሽ ከተማ በዐይኑ አይቶ በሰፊው የጻፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በ1512 ዓ. ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በምጽዋ ገብቶ፥ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት በአገራችን ከቆየ በኋላ የጻፈው መጽሐፍ በ1533 ዓ. ም. በሊዝቦን ታትሟል። ንጉሡ የተወሰነ መቀመጫ ስለሌላቸው ዘወትር በድንኳን እንደሚኖሩ፥ በሰፈሩም ደግና ክፉ ተደባልቆ አምስት ወይም ስድስት ሺህ ድንኳን እንደሚገኝ ይናገራል። ቤተ ክርስቲያኑም በድንኳን ነበር፤ ጉዞ በሆነ ጊዜ ካህናቱ ታቦቱን ተሸክመው ሲሄዱ ከፊታቸው ደወል ይደወላል፥ ሰውም ሁሉ ከመንገድ ገለል ይላል። ገበያው፥ ዳኞቹ፥ ወጥ ቤቱ፥ የመኳንንቱ ሚስቶችና ልጆች፥ ሁሉም አብሮ ይነሣና አብሮ ይሰፍር ነበር። እንዲህ ከሆነ በኢትዮጵያ የቤተ ሰብ ጉዞ ማለት አገር ራሱ ጓዙን ጠቅልሎ መነሣቱ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

መልእክተኞቹ ወደ ንጉሡ ሰፈር ሲሄዱ ያለፉበት አንጎት የሚባለው አገር ዛሬ ራያና የጁ ከምንለው ምድር ጋር የሚገናኝ ነው። በዚያ ያጋጠማቸው ሁለት ነገር ጎን ለጎን ሊነበብ ይገባዋል። የአንጎት ራስ በክብር ተቀብሎ ምሳ ጋብዟቸዋል፤ የቀረበላቸውም ጥሬ ሥጋ ስለ ነበረ ሳይቀምሱት ቀርተዋል። ነገር ግን በዚያው አገር ሲጓዙ ባላገሮች ከተራራ ላይ የድንጋይ መዓት አውርደውባቸዋል። ራሱ ጋባዥ፥ ባላገሩ ወርዋሪ የሆነበትን ምክንያት ስንገምት፥ ለግብዣው የታረደው በሬ ከማን በረት እንደ ወጣ ማሰብ የሚበቃ ይመስለናል።

ነገሩን ግልጥ አድርገን እንናገር። በድንኳን የሚጓዝ ጌታ ቤቱን እንጂ ጎተራውን ይዞ አይሄድም። ንጉሥ ያከበረው እንግዳ ድርጎ ይታዘዝለት ነበር፤ ይኸውም መሪ ይሰጠውና በደረሰበት መንደር ሁሉ እንጀራው፥ ጠላው፥ በጉና ዶሮው፥ የበቅሎውም ገብስ ከባላገሩ ተሰብስቦ ይቀርብለታል። ሠራዊት ሲያልፍ ደግሞ ሰብሳቢ አያስፈልግም፤ ወታደሩ ራሱ ገብቶ ይሰበስባል። አንድ ሰፈር ብዙ ወር የቆየ እንደ ሆነ በአካባቢው ያለው እንጨት ይመነጠራል፥ ጎተራው ይራቆታል፥ ድንኳኑም ተነቅሎ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። የሰሜኑ ጎዳና በሚያልፍበት በየጁና በራያ የሚኖር ገበሬ ከጎዳና በራቀ ቦታ ከሚኖር ወንድሙ ይልቅ ይህን ዕዳ ደጋግሞ ከፍሏል። ክፉ ቀን የተባለው የ1880ዎቹ መጀመሪያ ረሀብ አገሩን ካደከመው በኋላ፥ በ1885 ዓ. ም. አካባቢ ዐፄ ምኒልክ ወታደር በባላገር ቤት እየተመራ ከሚቀለብ ይልቅ ገበሬው የእህሉን አሥራት እንዲሰጥ የደነገጉት ይህን በደል ለማቅለል ነበር።

ድንኳን የሌለው መንገደኛ እንዴት ያድር ነበር? እርሱ ያደረው በሰው ቤት ነው። ፀሐይ ስትቆለቁል ከአንድ ግቢ ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነኝ» ይላል። የቤቱ ጌታ ስሙን ሳይጠይቅ ያስገባዋል፤ የእግዚአብሔር እንግዳ ነውና እግሩን አጥበው ከምድጃው አጠገብ ያስቀምጡታል። በወሎ ይህ ሥርዓት በክርስቲያኑም በእስላሙም ቤት አንድ ነበር፤ ልዩነቱ ሥጋው በማን እጅ ታረደ የሚለው ብቻ ሲሆን፥ ለእርሱም ቤተኛው መላ አያጣለትም። ከነልጆቹ ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ይህ ቤት ከማናቸውም ድንኳን ይበልጥ ነበር፤ ምክንያቱም ሕፃን የያዘች ሴት ከመደቡ ላይ ስትተኛ የቤቱ እመቤት በመሬት ትተኛለች። እንግዲህ በአንድ ጎዳና ላይ ሁለት ዓይነት ማደሪያ ነበረ። ባለድንኳኑ ከባላገሩ ሳይለምን ይወስዳል፤ ድንኳን የሌለው ለምኖ ይቀበላል። ሁለቱም የሚበሉት የዚያኑ ገበሬ እህል ነው፤ ገበሬው ግን አንደኛውን መቅሠፍት፥ ሁለተኛውን በረከት ይለዋል።

ድንኳን በዚህ ምድር ላይ የአገርን ዕድል የለወጠበትም ጊዜ አለ። ከመርሳ በስተ ደቡብ ባለችው በውጫሌ ዐፄ ምኒልክ ሰፍረው ሳሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. ከኢጣልያ ጋር የታወቀውን ውል ተፈራረሙ። በ17ኛው ክፍል ምክንያት ውሉ ሲፈርስ፥ በ1888 ዓ. ም. በወረይሉ የከተተው ጦር በወሎ አድርጎ ወደ አሸንጌ ሲያልፍ ወደ አንድ መቶ ሺህ የሚጠጋ ወታደር ነበረ። እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር አሰልፈው አብረው ዘምተዋል። ከወታደሩ ኋላ የሚሄዱት ሴቶች ግን በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ተገቢውን ስፍራ ያገኙ አይመስለንም። በሶውንና ድርቆሹን ያዘጋጁ፥ ምጣድና እንስራ በጀርባቸው ያዘሉ፥ ሲሰፈር እንጨት ለቅመው ውኃ ቀድተው እሳት የሚያነዱ እነርሱ ነበሩ። ሕፃናቱም በእናቶቻቸው ጀርባ ወደ ዐድዋ ሄደዋል። የተጫነ በቅሎ በቀን ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፥ ዛሬ መኪና በአንድ ቀን ከአዲስ አበባ ወልድያ የሚያደርሰው መንገድ ለእነዚያ ሴቶች የሦስት ሳምንት ሥራ እንደ ነበረ መቊጠር አያስቸግርም።

የዚህ ዓይነት ጉዞ ያበቃው ድንኳን ከሰማይ በታየ ጊዜ ነው። በ1928 ዓ. ም. በተነሣው ጦርነት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር ወር ወደ ደሴ ሄደው ብዙ ሳይቆዩ የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከተማዪቱን ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የሕክምና ድንኳን እንኳ አልተረፈም። ለአራት መቶ ዓመት የክብር ምልክት የሆነው ነጭ ድንኳን ለአውሮፕላን ነጂ ጥሩ ዒላማ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱም ወደ ማይጨው ጦርነት በቀረቡ ጊዜ ማዘዣቸውን በቆረም አጠገብ በዋሻ ውስጥ አደረጉ። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የሆነው ከሆነ በኋላ ጠላት ሚያዝያ 7 ቀን ደሴን ያዘ፤ ከዚያም ከ1,500 በሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ተጭኖ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ።

ኢጣልያኖች ከአሥመራ ተነሥቶ በወልድያ፥ በመርሳና በደሴ አልፎ አዲስ አበባ የሚገባውን፥ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን ጎዳና ያበጁት ለጦርነታቸውና ለግዛታቸው ነበር፤ የድል መንገድ ብለውም ሰይመውት ነበር። ከነጻነት በኋላ ግን መንገዱ ለባለቤቱ ተመለሰ፤ በ1943 ዓ. ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ጥገናው በእርሱ እጅ ሆነ። ሎንቺናና የጭነት መኪና መመላለስ እንደ ጀመረ የቤተ ሰብ ጉዞ መልኩን ለወጠ። እናት አገልግሏን በጉልበቷ ላይ አድርጋ፥ ፍራሹና በጉ በጣራ ላይ በመጫኛ ታስሮ፥ ሦስት ሳምንት የነበረው መንገድ ሁለት ቀን ሆነ። በመርሳና በወልድያ ምግብ ቤትና አልቤርጎ ተከፈተ፤ የመሸበት እንግዳም ስሙን በመዝገብ ጽፎ ገንዘብ ከፍሎ ያድር ጀመር። ይህ ትልቅ ሥልጣኔ ነው፤ ቢሆንም ከጎዳናው ዳር ያለው ገበሬ እንግዳ የመቀበል ወጉን ያሳለፈው በዚያ ዘመን መሆኑ ሳይነገር መታለፍ የለበትም።

ጎዳናውም ጥጋብን ብቻ አላመላለሰም። በ1965 እና በ1966 ዓ. ም. በወሎ በደረሰው ረሀብ ገበሬዎች ከነቤተ ሰባቸው መንደራቸውን ጥለው ወደ አስፋልቱ ወረዱ፤ እህል የሚያልፈው በዚያ ነውና። በወልድያ፥ በቆቦና በሌሎችም የጎዳናው ከተሞች መጠለያ ተቋቋመ። በ1977 ዓ. ም. ደግሞ በዚሁ መንገድ ወደ ሰሜን በቆረም ሜዳ የተተከሉትን ድንኳኖች ዓለም በቴሌቪዥን አየ። ንጉሥ የሰፈረበት ሜዳ የረሀብተኛ ሰፈር ሆነ። በዚያው ዓመት በመንግሥት ሰፈራ ከወሎ የተነሡ ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ ወለጋ፥ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ጎጃም ተወሰዱ፤ ጓዛቸውም እጅግ ጥቂት ነበር።

አሁን ወደ መኪናው ጣራ እንመለስ። ይህ ድንኳን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ በኢጣልያ እየተሠራ ለገበያ የቀረበ ሲሆን፥ በኋላ በምሥራቅ ጀርመን ሆቴል ማግኘት የቸገረው ሠራተኛ በትንሿ ትራባንት መኪና ላይ ሳይቀር ይጭነው ነበር። በደቡብ አፍሪካና በአውስትራልያ ደግሞ ከእባብ፥ ከአውሬና ከእርጥበት ስለሚጠብቅ ተወዳጅ ሆኗል። የጁን በጦር መኪና ያቋረጠ ሕዝብ የቤተ ሰብ መዝናኛ የሚሆን ቤት በመኪና ላይ ለመሥራትም ቀዳሚ መሆኑ የታሪክ ቀልድ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ድንኳኑ ከነፍራሹ ታጥፎ በዕቃ መጫኛው ብረት ላይ ይታሰራል፤ ሲዘረጋ ግማሹ ከመኪናው ጣራ ወጥቶ በመሰላሉ ላይ ይደገፋል፤ ሁለት ወይም እስከ አራት ሰው ያስተኛል። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 80 ኪሎ ይሆናል፤ ይህም የአንድ በቅሎ ጭነት ያህል መሆኑ ነው። ብዙ የቤት መኪኖች በጉዞ ላይ ሳሉ ጣራቸው ከ75 እስከ 100 ኪሎ ብቻ እንዲሸከም ፋብሪካው ይወስናል፤ መኪናው ሲቆም ግን የተኙትን ሰዎች ጨምሮ ብዙ እጥፍ ይችላል። ስለዚህ በጣራው ላይ ድንኳን፥ ጀሪካንና ጎማ ደርቦ ከውጫሌ ወደ ውርጌሳ የሚወርደውን ጠመዝማዛ የሚነዳ አባት፥ ጭነቱ መኪናውን ከላይ እንደሚያከብደውና በኩርባ ላይ እንደሚያጋድለው ሊያውቅ ይገባዋል። ባለ በቅሎዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ ቁልቁለት ሲመጣ ጭነቱን ደግመው ያጠብቁታል። ወቅቱንም መምረጥ ያስፈልጋል፤ በዚህ አገር ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብ ስላለ፥ ሜዳው ደርቆ ሌሊቱ የሚጠራው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው።

በእኛ አስተያየት የጣራ ድንኳን ከቀደሙት ከሁለቱም ማደሪያዎች የተለየ ሦስተኛ ነገር ነው። ባለድንኳኑ እንደ ጥንቱ ጌታ ከገበሬው አይወስድም፤ ምግቡን ከሱቅ ገዝቶ፥ ውኃውን በጀሪካን ይዞ መጥቷልና። እንደ መሸበት እንግዳም አይለምንም። ከማንም ሳይደርስ ያድራል፥ ከማንም ሳይደርስ ይሄዳል። የጁ ያየው የድንኳን ጉዞ ሁሉ ለገበሬው ዕዳ ሆኖ ስለ ኖረ፥ ይህን ነጻነት ልንንቀው አይገባም። ሆኖም ልጆቹ ሐብሩን ከላይ ሆነው አይተው የአንድም ገበሬ ስም ሳያውቁ ቢመለሱ፥ አባታቸው አገር ላሳያቸው ብሎ የነዳው 520 ኪሎ ሜትር ምን እንዳሳያቸው እንጠይቃለን። ማሳው ባለቤት አለው፤ የሣሩም ሜዳ የመንደሩ ከብት መዋያ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀርቦ «እዚህ ብናድር ትፈቅዱልናላችሁን?» ብሎ የጠየቀ መንገደኛ ከፈቃዱ ጋር ቡና ሊጠራ እንደሚችል የወሎን ሰው ለሚያውቅ መንገር አያሻም፤ ሦስተኛው ስኒ እስኪጠጣ ድረስም አይለቁትም።

ይህ ሁሉ በሰላም ጊዜ የሚሆን ነው። በክልሉ በ2015 ዓ. ም. መጨረሻ ግጭት ከተነሣ ወዲህ እንዲህ ያለው የመዝናኛ ጉዞ በዚህ ጎዳና ላይ ተመናምኗል። ከዚያም በፊት በነሐሴ 2013 ዓ. ም. ወልድያ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገብታ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ. ም. በቆየችበት ጊዜ፥ ከራያና ከየጁ የተነሡ ቤተ ሰቦች ፍራሽና ምጣዳቸውን በአይሱዙ ላይ ጭነው፥ መኪና ያጡትም በእግራቸው፥ በመርሳ በኩል ወደ ደሴ ተሰደዋል። በሐብሩ ወረዳ በጃራ የተተከሉት የመጠለያ ድንኳኖች ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ብዙ ሺህ ሰዎችን ተቀብለዋል። ከእነርሱም መካከል ወላጆቻቸው በ1977 ዓ. ም. ከወሎ ተነሥተው በሰፈራ የሄዱ ይገኙባቸው ነበር፤ ሲመለሱም አባቶቻቸው ትተውት በሄዱት አገር ያደሩት በሸራ ሥር፥ በመሬት ላይ ነው። የመርሳና የአካባቢው ሰው መንግሥትና የርዳታ ድርጅቶች እስኪደርሱ ድረስ እንጀራና ልብስ ይዞ ወደዚያ ይሄድ ነበር።